የአስቴር ልብና የሸማኔው መርገጫ

መጀመሪያ ያየሁት ትራሷን ነው። ልጄ አስቴር በአንድ ትራስ መተኛት አቅቷት ጋቢዬን አጣጥፋ ደረበችበት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ዘመኑም የጃንሆይ። የሽሮ ሜዳን ዳገት ውሃ ይዛ ስትወጣ ሦስት ጊዜ ትቀመጣለች። ሰነፈች ብዬ ተቆጣኋት። ያ ቁጣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ እግሯ አበጠ። ከንፈሯ ጠቆረ። ሆስፒታል ተኛች።

ሐኪሙ የጉሮሮ ሕመም ውሎ አድሮ የልቧን ቫልቭ እንደጎዳው፣ ሳንባዋም ውሃ እንደቋጠረ ነገረኝ። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ አዘዘላት። እብጠቱ ሲጎድል ደግሞ፣ «በየቀኑ ቤት ውስጥ ቀስ እያለች እጅና እግሯን ታንቀሳቅስ። እያወራች መሥራት ከቻለች ደህና ነው። ቃል ሲቆራረጥባት ወዲያው ትረፍ» አለኝ።

አላመንኩትም። ልቧ የታመመ ልጅ ስፖርት ትሥራ? ሊሞክርባት ነው አልኩ። አልጋ ላይ አስቀመጥኳት። በቀጠሮው ቀን «ትሠራለች» ብዬ ዋሸሁ።

ጎረቤታችን ጋሽ ዳና ሸማኔ ነበሩ። ያኔ ሸማኔን በቡዳነት መጠርጠር የሰፈር ልማድ ነበር፤ እኔማ ብሼ፣ በደጃችን ባለፉ ቁጥር አስቴርን በነጠላዬ እሸፍናት ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ድምጿ ይሰማል፤ ትቆጥራለች። ድግምት እያስደገሟት ነው ብዬ ሮጥኩ።

አስቴር የሸማኔው እግር ማስገቢያ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጣ የሽመናውን መርገጫዎች እያፈራረቀች ትረግጣለች። ሃያ ሰባት ላይ ድምጿ ተቆረጠ።

«ይብቃሽ ልጄ፣ ዕረፊ» አሏት ጋሽ ዳና።

«ልጄን ምን እያደረጓት ነው?» ጮህኩ።

«ሐኪሙ ያዘዘውን ነዋ!» አሉኝ። «ራሷ ነገረችኝ፤ ‘እናቴ ትፈራለች፣ እንዳይነግሯት’ ብላኝ ነው። አንቺ ገበያ ስትወጪ ትመጣለች። መጀመሪያ ከአምስት አታልፍም ነበር።»

አፈርኩ። ቢሆንም ጥርጣሬ ቶሎ አይለቅም፤ ሳምንት ሙሉ አብሬያት እየሄድኩ እጃቸውን በዓይኔ ስከታተል ሰነበትኩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ ደረቷን ረጅም ጊዜ አዳምጦ፣ እግሯን ተጭኖ አይቶ፣ በኮሪደሩ አስኪዷት ሲያበቃ ወደ እኔ ዞሮ «ጎበዝ እናት ነሽ» አለኝ። ምላሴ እንደ ልማዱ ሊዋሽ ነበር። «እኔ አይደለሁም፤ ያሠሯት ጎረቤቴ ናቸው» አልኩት።

ቫልቩ አልዳነም፤ ውሎ አድሮ ግን አስቴር ያንን ዳገት ቀስ ብላ፣ እያወራችኝ ትወጣ ጀመር። ልቡ የታመመ ልጅ እንደኔ የያዛችሁ፣ መርፌውን አታስታጉሉ፤ እንቅስቃሴውንም ሐኪም በፈቀደው ልክ አሠሩ፤ ድምፁ ሲቆራረጥ አስቁሙት። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባላል። እኔ ስንጥር ስፈልግ ልጄን ገንፎውን ልከለክላት ነበር።

እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ዳና። ልጄን ከዓይንዎ የሸፈንኩበትን ነጠላ የሠሩልኝ እርስዎ ነበሩ።