የወንድሜን ጎን የዳበስኩበት መጸው

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ እቤታችን የልጅ ልጄ የባዮሎጂ ሆምወርኳን ስትሠራ አራት ሳጥን ስላ፣ «አባባ፣ አንድ ወላጅ በሽታው ካለበት እያንዳንዱ ልጅ ፊፍቲ ፊፍቲ ነው» አለችኝ። ሳቄ መጣ። እኔ ይህን ስሌት በወጣትነቴ ሠርቼው ነበር፤ ያውም ተሳስቼ።

አባታችን የሞተው ኩላሊቱ ውኃ በቋጠሩ ከረጢቶች ተወርሮ ነው። አክስቶቼ «የሰው ዓይን ነው» ብለው ዘጉት። እዚህ አገር ያገኘነው ሐኪም ግን በሽታው በዘር እንደሚወርድ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ግማሽ እንደሆነ ነገረን። ልጆቹ እኔና ታናሼ መኮንን ብቻ ነን። እኔ፣ ሊቁ፣ ወዲያው እንደ ርስት አካፈልኩት፤ ሁለት ልጅ፣ ግማሽ ዕድል፣ ስለዚህ አንዳችን ታማሚ፣ አንዳችን ጤነኛ። መኮንን ላይ ከወደቀ እኔ ዳንኩ።

እስከ ምርመራችን ሦስት ሳምንት ነበር። ቅጠሉ ቀልቶ በሚረግፍበት በዚያ ሰሞን እሁድ እሁድ በመኪና ግማሽ ሰዓት ወደምትርቀው አሌክሳንድሪያ እሱ ዘንድ እነዳ ነበር፣ ለስለላ። በር ላይ ሳቅፈው ያመው እንደሆን ጎኑን ጫን አደርጋለሁ። ሚጥሚጣ የበዛበት ጥብስ እየበላን ስንት ጊዜ ሽንት ቤት እንደገባ እቆጥራለሁ። ፊቱ ያበጠ ሲመስለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጥብሱ ይጣፍጠኝ ነበር።

በሦስተኛው እሁድ የሱም ጣቶች ጎኔን ሲፈትሹ ተሰማኝ።

«ምን ትዳብሰኛለህ?» አልኩት።

«አንተ ሦስት ሳምንት ስትዳብሰኝ ዝም ያልኩህ ደንዝዤ መሰለህ? ይልቅ ባለፈው እሁድ አምስቴ ሽንት ቤት ገብተሃል።»

«ቢራውን እየከፈተ ማን ጋተኝ?»

ለካ እሱም እንደኔው አካፍሎ ኖሯል።

ለምርመራው አብረን ሄድን። ነርሷ ስሌታችንን ሰምታ፣ የአንዳችን ዕጣ ለሌላው እንደማይቆጠር አስረዳችን። ሁለታችንም የመታመማችን ዕድል ከአራት አንድ፣ ሁለታችንም ነፃ የመሆናችንም ከአራት አንድ ነበር። በአልትራሳውንድ ታየን። እኔ ላይ ተገኘ፤ መኮንን ነፃ ወጣ።

 ስንመለስ መኪናው ውስጥ መኮንን፣ «እኔ ላይ ቢሆን ደስ ይልህ ነበር?» አለኝ። መንገዱን እያየሁ ነዳሁ።

አሁን ሰባ አልፎኛል። ልጄ ተመርምራ ነፃ ሆናለች፤ የልጅ ልጄም በዚሁ ተርፋለች። የኔ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ሆዴ ውስጥ የሚሠራው መኮንን የሰጠኝ ነው። ያኔ ምኞቴ ደርሶ እሱም ታሞ ቢሆን፣ የኔ በሽታ በዚያ አይቀንስም ነበር። የሚቀንስብኝ ኩላሊቱን የሚሰጠኝ ወንድም ነበር።