ሳጥኑ የሚጠራው ስም

የቀድሞ ባሌን ስም እዚህ አልጽፈውም። ብዙ ዓመት ተጽፎለታል። በቆርቆሮው በር ላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል፤ የመብራት ቆጣሪው ላይ ተጽፏል፤ በመጨረሻም እሱ ራሱ ሄዶ ስሙ ብቻ ቤቴ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ይበቃዋል።

ደብረ ማርቆስ፣ በተለይ እኛ ሰፈር፣ ቤት የሚጠራው በአባወራው ነው። በሴት ስም የሚጠራ ቤት ካለ ወይ ባሏ ሞቷል፣ ወይ ጠላ ትሸጣለች። የእኔ ባል አልሞተም፤ ጠላም አልሸጥም። ልብስ ሰፊ ነኝ። ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ በአዲስ አበባው መንገድ ሲመላለስ ደጀን ላይ ሌላ ትዳር ያዘና ተፋታን። ቤቱ ለእኔና ለልጃችን ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ ሰጠኝ እንጂ ሰፈሩ ግን አልሰጠኝም። ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ደንበኞቼ አሁንም የሚጠይቁት የሱን ቤት ነው፤ ባጃጁም የሚያወርዳቸው «እሱ ቤት» ብሎ ነው።

ዋይፋዩን ያስገባው ከመሄዱ በፊት፣ ልጃችን ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ነው። ያን ጊዜ በሰፈራችን ዋይፋይ ያለው ቤት ብርቅ ነበር። ራውተር የሚባለውን ትንሽ ሳጥን ሳሎን ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠና ለዋይፋዩ የራሱን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሰጠው፤ ከጎኑም «ቤት» የሚል ጨመረበት። ያኔ አልከበደኝም። ከተፋታን በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ልብስ ሊለኩ የመጡ ሴቶች ተራቸውን ሲጠብቁ ስልካቸውን ያወጡና «ዋይፋዩ የትኛው ነው?» ይሉኛል። እኔም መርፌ በከንፈሬ ይዤ የሱን ስም እጠራለሁ። ቀኑን ሙሉ! ጥሎኝ የሄደ ሰው ስም፣ ቀኑን ሙሉ፣ በገዛ አፌ።

ይኼንንም ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የአንዱን እሑድ ነው።

አንዳንድ እሑድ ልጁን ሊያይ ይመጣል። ያን ቀን ከበሩ ውጭ ድምፁን ሰማሁ፤ አላንኳኳም። ወጥቼ ብከፍት አጥሩን ተደግፎ፣ ስልኩን ፊቱ ላይ ደግኖ፣ ምስል እያየ ከደጀኗ ሚስቱ ጋር ያወራል። ለካ ስልኩ በሬ ላይ ሲደርስ በራሱ ጊዜ ከዋይፋዬ ጋር ይገናኛል! እሱ ሳያንኳኳ ስልኩ ቀድሞት ይገባል።

«አንዴ ልጨርስ፤ እዚህ ጋ ጥሩ ይይዛል» አለኝ። ሴትዮዋም ከስልኩ ውስጥ እጇን አውለበለበችልኝ። ትሁት ሴት ናት፤ አልዋሽም። ደሜ ግን ፈላ።

እሱ ከሄደ በኋላ ልጄ ፊቴን አየችና «እማዬ፣ በቃ ፓስወርዱን እንቀይረው» አለችኝ።

«ፓስወርዱ ምን አደረገኝ? እኔን የሚያንገበግበኝ ስሙ ነው» አልኳት።

«ስሙም እኮ ይቀየራል።»

እስከዚያች ቀን ድረስ የዋይፋይ ስም እንደ ስልክ ቁጥር ከመስመሩ ጋር የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ልጄ እንዳስረዳችኝ ግን ስሙ ከመስመሩ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ኢንተርኔቱ በሽቦው ይመጣል፤ ሳጥኑ በአካባቢው ላሉ ስልኮች ሁሉ «እዚህ ነኝ» እያለ የሚጠራው ስም ግን ባለቤቱ የሚያወጣለት ነው። ፓስወርዱ የበር ቁልፍ ነው፤ ስሙ በሩ ላይ የተጻፈው ነው። ቁልፍ የሌለው ሰው እንኳ በሩ ላይ የተጻፈውን ያነባል። ነገሩ ሲገባኝ ይበልጥ ተናደድኩ። ሰፈሩ ሁሉ ዋይፋይ በፈለገ ቁጥር የሱን ስም ያነብ ነበር ማለት ነው፤ የሚጠራው ደግሞ እኔ ቤት፣ እኔ ቁም ሳጥን ላይ፣ በእኔ መብራት።

«አምጪው፣ እኔ ልቀይረው» አለች ልጄ።

«አይሆንም። የምቀይረው እኔ ነኝ። አንቺ የት እንደሚጫን ብቻ አሳዪኝ።»

ሳጥኑን ገለበጥኩት። ከሆዱ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ በነጥብ የተለያዩ ቁጥሮች አሉ፤ እነሱን ስልኬ ላይ ድረ ገጽ በሚከፈትበት ቦታ ጻፍኩ። መግቢያ ጠየቀኝ፤ እሱም እዚያው ወረቀት ላይ ነበር። ገጹ ሲከፈት የሱ ስም በአንዲት ነጭ ሣጥን ውስጥ ተንፈላሶ ተቀምጧል። ከሥሩ ሌላ ባዶ ቦታ ነበረች፤ ለእንግዳ የሚሆን ሁለተኛ ስም ከነፓስወርዱ ማውጣት ይቻላል አለችኝ ልጄ። እሷን አለፍኳት። ጣቴን ማጥፊያው ላይ አደረግኩና የባሌን ስም ከኋላው ጀምሬ ፊደል በፊደል አጠፋሁት። እውነቴን ነው የምለው፣ ደስ አለኝ።

«በይ ያንቺን ስም ጻፊ!» አለች ልጄ።

የትኛውን? እኛ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ የአባቷ ቤት ስም እዚያው በአባቷ ቤት ይቀራል። ለእኔ የወጣልኝ ስም ትርጉሙ ባጭሩ «ለልጄ ተስማማሽ» ማለት ነው። ቆንጆ ስም ነው፤ የሰማው ሁሉ ይወደዋል። ጎረቤቶቼም፣ ደንበኞቼም፣ የነፍስ አባቴም የሚያውቁኝ በሱ ነው። ነገር ግን ስለ እኔ አንድም ነገር አይናገርም። የሚናገረው ስለ ልጃቸው ነው። ልጃቸው ደግሞ ደጀን ነው።

ደምበጫ ስወለድ አባቴ ያወጣልኝ ሌላ ስም አለኝ። መታወቂያዬ ላይ ሰፍሯል፤ ከትዳሬ በኋላ በሱ የሚጠራኝ ግን አባቴ ብቻ ነበር፤ እሱም ሞተ። ከቀብሩ ወዲህ ያን ስም አንድም ሰው ጠርቶልኝ አያውቅም። እንደናፈቀኝ ያወቅኩት ያን ዕለት ነው፤ ባዶዋ ሣጥን ስትጠብቀኝ። በአማርኛ ፊደል ስጽፈው ገጹ አልቀበልም አለኝ። በእንግሊዝኛው ጻፍኩትና እኔም እንደሱ «ቤት» ጨመርኩበት።

የሳጥኑ መብራቶች ጠፍተው እንደገና በሩ። የሁለታችንም ስልክ ተቋረጠ። አዲሱን ስም ፈልገን አገኘነውና ልጄ እግረ መንገዷን ያስቀየረችኝን አዲስ ፓስወርድ አስገባን። አባቴ ያወጣው ስም ከነቤቱ ስልኬ ላይ መጣ። የእኔንም ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ማወቅ የፈለገ በሬ ላይ ቆሞ ስልኩን ይክፈት።

ያላሰብኩት ጎረቤቶቼን ነው። ባሌ ለጋስ ለመባል ፓስወርዱን ለዙሪያው ሰው ሁሉ ሰጥቶ ኖሯል። በማግስቱ ስልካቸው እምቢ ሲላቸው ቢፈልጉ የሱ ስም የለም፤ በቦታው ማንም የማያውቃት ሴት ስም ከነ«ቤት»ዋ ተቀምጧል። ተሰብስበው መከሩና አንድ ነገር ላይ ደረሱ፤ የደጀኗ ሴት ቤቱን ወስዳዋለች፣ ስሟንም አስጽፋለች!

ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። የጓሮ ጎረቤቴ ነጠላዋን እንደ ልቅሶ ቤት አዘቅዝቃ፣ የነፍስ አባቴን ይዛ ገባች።

«ምነው አንች፣ ይኼን የሚያህል ነገር ሁኖ ለእኛ አትነግሪንም?» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ልጅሽን ይዘሽ የት ልትወድቂ ነው?»

«ምን ሁኜ?»

«ያችኛዋ ገባች አይደል? ስሟን አየነው እኮ!»

«የማንን ስም?»

ጎረቤቴ ስሙን ጠራችው። አባቴ ከሞተ በኋላ ስሜ በሰው አፍ ሲጠራ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ የጠራችው ደግሞ ልትረግመው ነው። ሳቄ መጣ። ሳቄን ማቆም ሲያቅተኝ «አበደች» በሚል ዓይን ተያዩ።

«እሷ እኮ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ነገሩን ሳስረዳቸው እፎይ ይላሉ ብዬ ነበር። ጭራሽ ባሰ። ጎረቤቴ እንባዋን ጠረገችና ተቆጣች። «ታዲያ ምን አጣሽ? የወጣልሽ ስም አለሽ! የልጅሽ አባት ስም ቢኖር ምን ጎዳሽ? ሰው ምን ይላል?»

የነፍስ አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ረጋ ብለው ተናገሩ። «ልጄ፣ ሰው በለመደው ስም ቢጠራ ነው የሚያምርበት። ብትመልሽው ምናለ?»

«አባ፣ የምንኖርበት ከተማ መንቆረር አይባልም ነበር እንዴ?» አልኳቸው። «በቅዱስ ማርቆስ ስም ቤተ ክርስቲያን ተሠራና ደብረ ማርቆስ ተባለ። ያኔ ማን ነጠላውን አዘቀዘቀ? ከተማው አዲስ ስም ሲይዝ በረከት፣ እኔ የገዛ ስሜን ስመልስ ጥፋት የሚሆነው በምን ሕግ ነው?»

አባ መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ፈገግ ብለዋል፤ ቢክዱኝም አይቻቸዋለሁ። «እንግዲህ ስሙን ያወጡልሽ አማትሽ ናቸው፤ ከሳቸው ጋር ተነጋገሩ» ብለው ተነሡ። ጎረቤቴም ወሬውን አምበር ከተማ፣ አማቴ ዘንድ ሳታደርስ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

አማቴ በገበያ ቀን በሚኒባስ መጡ። ፍቺው ከልጃቸው ለየኝ እንጂ ከሳቸው አልለየኝም፤ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ሲመጡ እንደ ድሮው እቀበላቸዋለሁ። ያን ቀን ግን ውሃ እንኳ አልቀምስም አሉ።

«ስምሽን ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ። «በሠርግሽ ዕለት፣ በሰው ፊት። ምን በድየሽ ነው የጣልሽብኝ?»

«ምንም አልበደሉኝም እሜቴ። ግን ስሙ ለልጄ ተስማማሽ ነው የሚለው። አልተስማማንም። እስከ መቼ በውሸት ልጠራ?»

«እና ወደ አባትሽ ቤት ልትመለሽ ነው?»

«የትም አልሄድም። ቤቴ ይኼ ነው፤ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። ቢቆጡኝ ይቆጡኝ፣ አልመልሰውም።»

እንዲህ ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም። ቃሌን ግን አልሳብኩም። አማቴ ተቀመጡ። ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ራውተር አረንጓዴ መብራቱን ትክ ብለው ያዩት ጀመር።

«ስም የሚጠራው ያ ነው?»

«አዎ እሜቴ።»

«የነገሩትን ስም ሁሉ ይጠራል?»

«ሁሉንም ይጠራል።»

ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «እኔንም እኮ አማቴ ናቸው ስም ያወጡልኝ» አሉ። «ከቆላ ሲያመጡኝ ጥርሴን እንኳ ለውጨ አልጨረስኩም። እናቴ ምን ብላ እንደምትጠራኝ እዚህ አገር የሚያውቅ የለም። ባሌም ሳያውቀው ሞተ። ልጆቼም አልጠየቁኝ።»

ከዚያ ስሙን ተናገሩት። ቀስ ብለው፣ አሁንም አፋቸው ውስጥ መኖሩን እንደሚፈትሽ ሰው። ደግመው ተናገሩት። ይኼንንም ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ባሌን እንደቀጣሁት ለመቅጣት ሳይሆን የሳቸው ስለሆነ ነው።

ስልኬን አነሣሁና ያለፍኳትን ባዶ ቦታ ከፈትኩ። «ይኼ መግቢያ ቃል ይፈልጋል» አልኳቸው። «ሰው በቀላሉ የማያውቀው ቃል።»

«የተወለድኩበትን መንደር ጻፊዋ። እሱንስ ማን ያውቀዋል!»

ጻፍኩት። መብራቶቹ ጠፍተው በሩ። ልጄ ስልኳን አምጥታ አሳየቻቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው «ይኼ ነኝ?» አሏት። «እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። ያን ጊዜ ውሃ አምጡልኝ አሉ።

ሲወጡ ጎረቤቴ ደጅ ላይ ትጠብቅ ነበር። «መለሰችው?» አለቻቸው።

«እንዳትመልሰው ነግሬያታለሁ» አሉና ባጃጅ አስቆሙ።

ባሌ ከዚያ ወዲያ በአንዱ እሑድ መጣ። ከበሩ ውጭ ስልኩን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። አልከፈትኩለትም። በመጨረሻ አንኳኳ። እንደማንኛውም እንግዳ አንኳኳ። ከፈትኩለት።

«ዋይፋዩ ምን ሆነ?» አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ። «ያንቺን አየሁት፤ እሺ ይሁን። ይቺ ሁለተኛዋ ማን ናት? ተከራይ አስገባሽ እንዴ?»

«እናትህ ናቸው» አልኩት።

ቀና አለ። ስልኩን እንደገና አየው። ስሙን ለራሱ በከንፈሩ አነበበው። ከዚያም «ፓስወርዱስ?» አለኝ።

«የተወለዱበት መንደር ነው» አልኩት። «ልጃቸው አይደለህ? ጻፈው።»

ጣቱ ስልኩ ላይ እንዳለ ቀረ።