ወደ ፊት እምቢ ያለው ማርሽ

ያን ጠዋት ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ስወርድ የእናቴን ታላቅ ወንድም ጀልባዬ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከሐይቁ ምሥራቅ፣ ከጉማራ ወንዝ መግቢያ አጠገብ የምትኖረው እኅታቸው ሌሊት አርፋ፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ እንደምትቀበር ተደውሎላቸው ነበር። የክረምቱ ጎርፍ የሩዙን ማሳ አጥለቅልቆ መንገዱን ስለቆረጠው በመኪና መሄድ አይታሰብም።

«ቀብር ሰው አይጠብቅም፤ ተነሥ እንሂድ» አሉኝ። ለአክስቴ ሳላለቅስ ሞተሩን አስነሣሁ።

ጀልባዋ ደኅና ትሄድ ነበር። አጎቴ ግን አልተረጋጉም። ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ፤ መስበሃቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ፣ አንዲት ፍሬ ሳይቆጥሩ መልሰው ይከቱታል። «ከዚህ የበለጠ አይፈጥንም?» ይሉኛል። መቁነጥነጣቸው ወደ እኔም ተጋባና ቀና እያልሁ ፀሐይዋን ማየት ጀመርሁ።

ከዚያ እምቦጭ ውስጥ ገባን። ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ማርሹን ወደ ኋላ አስገብቼ አራገፍሁት። መልሼ ወደ ፊት ሳስገባው ሞተሩ ጮኸ እንጂ ጀልባዋ አልተንቀሳቀሰችም። ደጋግሜ ሞከርሁ። ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወደ ፊት እምቢ።

«ምን ሆነ?»

«ማርሹ አልገባ አለኝ፣ አጎቴ።»

«ወደ ኋላ ይሄድ የለ? እንግዲያ ወደ ኋላም ቢሆን አድርሰኛ!»

ጀልባዋን አዙሬ ያሉትን ሞከርሁ። ብዙም ሳንርቅ ማዕበሉ በሞተሩ በኩል እየዘለለ እግራችንን አራሰው። አጠፋሁት። ያን ጊዜ ነፋሱ ወደ መጣንበት ይገፋን ጀመር።

ሞተሩን ከውኃው አነሣሁና የማርሹን እጀታ ወደ ፊት አድርጌ ፕሮፔለሩን በእጄ አሽከረከርሁት። ባዶ ማርሽ ላይ እንዳለ ሁሉ ዝም ብሎ ዞረ። እጀታውን ወደ ኋላ ሳደርገው ግን ያዘ። እንግዲያ የማርሹ ጥርስ አልተሰበረ ይሆናል፤ እጀታው የሚያዝዘው ነገር ነው ታች ያልደረሰው። ኮፈኑን ስከፍት እጀታውን ከማርሹ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ብሎን ላልቷል፤ ዳዶው የለም። እጀታው ሙሉ በሙሉ ይሄዳል፤ ዘንጉ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

እጀታውን ከዘንጉ ለይቼ ባዶ ማርሽ ላይ ተውሁት፤ ያለዚያ ሞተሩ አይነሣልኝም። አጎቴ በደረታቸው ተኝተው ፕሮፔለሩን ቀስ እያሉ ሲያዞሩልኝ፣ እኔ ዘንጉን በፒንሳ ሳብሁት። ቋ አለ።

«አልዞር አለኝ!» ብለው ጮኹ።

«እሰይ፣ ገባ ማለት ነው!»

ግን ዘንጉ እንዳይመለስ ማሰሪያ አጣሁ። የጀልባዋ ገመድ ለዚያ ጠባብ ቦታ ይወፍራል። አጎቴ ጥምጣማቸውን ፈትተው ጫፉን በጥርሳቸው ቀደዱልኝ። በእሱ ጠፍሬ አሰርሁት።

«እየዘለለ ነው የሚነሣ፤ አጥብቀው ይያዙ» አልኋቸውና የሞተሩን ገመድ ሳብሁ። ጀልባዋ ወደ ፊት ተወረወረች።

ከዚያ ወዲያ ባዶ ማርሽ የለ፣ ኋላ ማርሽ የለ። እምቦጩን በሩቁ እየዞርሁ፣ ጨርቁ ላላ አልላላ እያልሁ ነዳሁ። አጎቴ ስለ ፍጥነቱ መጠየቅ ትተው እሳቸውም ጨርቁን ያያሉ። ዳር ስንደርስ ሞተሩን አጥፍቼ ጀልባዋን ደንገሉ ውስጥ ሰካኋት፤ ዘለን ወርደን በጭቃው ሮጥን።

መቃብሩ አፈር ለብሷል። ሶላቱም አልቋል። ወንዶቹ አካፋቸውን እንደያዙ መንገድ ለቀቁልን። አጎቴ እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሰው፣ ራሳቸው ያለ ጥምጣም ቆሙ።

አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው «ያልደረሰ ሰው እዚሁ ይሰግድባታል፤ ውኃ ይምጣልዎት» አሏቸው።

ታጥበው ከመቃብሩ ፊት ቆሙ፤ እኔም ከኋላቸው። «አላሁ አክበር» ብለው ተክቢራ ሲያደርጉ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ሶላቱን ግን ጨረሱት። ከዚያም እርጥቡ አፈር አጠገብ ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ ለአክስቴ አለቀስሁ። እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ድረስ ማንም ተነሡ አላለንም።