የአይሹ ሱብሃነላህ

በካልጋሪ ሰማይ ስር ቃሲምን የሚያህል ሹፌር የለም። አለ የሚል ካለ ይምጣ፤ ከመምጣቱ በፊት ግን በጥር ውርጭ፣ መንገዱ መስታወት በሆነበት፣ ሰካራሞች ከኋላ እየዘፈኑበት፣ ከኤርፖርት ኦግደን ሰፈር ድረስ ታክሲ ነድቶ ያሳይ። ቃሲም ይሄን ሲያደርግ በአንድ እጁ ሻይ ይዞ ነበር። የባቲ ልጅ ነዋ! ባቲ ግመል የሚሸጥበት አገር ነው፤ ግመል የነዳ ሰው ደግሞ የማይነዳው ነገር የለም ይላል ራሱ። እውነቱን ለመናገር ግመል ነጂው አጎቱ ነበሩ፣ እሱ ከኋላ እየተከተለ አቧራውን ነው የጠጣው። ይሁን። አቧራም ከግመል ነው።

ታክሲውን ተወና ጡረታ ወጣ። ቤት መቀመጥ ግን አልሆነለትም። ማርቲንዴል ያለው ቤታቸው ውስጥ ከሶፋው ወደ ፍሪጁ፣ ከፍሪጁ ወደ ሶፋው ሲመላለስ ሚስቱ አይሹ አየችውና፣ «አንተ ሰውዬ፣ የታክሲ ሺፍትህን ምንጣፌ ላይ ቀጠልከው እንዴ?» አለችው።

ታዲያ አንድ ቀን ኦግደን ውስጥ፣ ባቡሮቹ ከሚቆሙበት አጠገብ፣ የአንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ አርቪ ቆሞ አየ። አርቪ ማለት ቤትም መኪናም የሆነ ነገር ነው፤ ከፊት መሪ፣ ከኋላ አልጋ፣ መሃል ላይ ምድጃና ሽንት ቤት። ቃሲም ገብቶ አልጋው ላይ ጋደም አለ። ተነሳና መሪውን ጨበጠ። «ቤቴን እየነዳሁ ልሄድ ነው?» አለ። አለቀ፣ ገዛው። ሽማግሌው ሲሰናበተው አርቪውን ጎኑን መታ መታ አደረገው፣ በቅሎ እንደሚሸጥ ሰው። እንዲያውም ስለ በቅሎ ካነሳሁ... አይ፣ እሱ ሌላ ጊዜ።

አይሹ በመስኮቷ ስታይ መንገዱ የለም። ነጭ ግድግዳ ብቻ።

«ቤት በር ላይ ቤት አቆምክ?»

«አለም እናይበታለን፣ የኔ አበባ።»

«አለምን አይቻታለሁ። ይሄን አንሳልኝ።»

ቃሲም አላነሳም። ያን ሰመር፣ ሙቀቱ ሲገባ፣ ብቻውን ከከተማው ዳር ዳር ያሉትን ካምፕ ግራውንዶች ሁሉ አዳረሳቸው። ካምፕ ግራውንድ ማለት አርቪዎች ጎን ለጎን እንደ ገበያ ከብት ተሰልፈው፣ ውሃና መብራት ከመሬት እየተቀጠለላቸው የሚያድሩበት ሜዳ ነው። እዚያ ያየውን ነገር! አውቶቡስ የሚያህል አርቪ መጥቶ ቆመ፣ ሰውዬው ቁልፍ ሲጫን ግድግዳው እንደ መሳቢያ ወደ ውጭ ወጣና ሳሎን ሆነ። አንዲት ሴትዮ ጥንቸሏን በልጅ ጋሪ አስቀምጣ፣ ብርድ ልብስ አልብሳ ስታንሸራሽር አየ። አንድ ጠዋት ደግሞ ጥርሱን ሊፋቅ በሩን ሲከፍት፣ ቀንዱ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ የሆነ ሙስ የሚሉት አውሬ ከሱ ቧንቧ የሚንጠባጠበውን ውሃ እየላሰ ነው። ፈረስ ከቀንዱ ስር ቆሞ ዝናብ ይጠለላል። ቃሲም መፋቂያውን ይዞ ደርቆ ቀረ። «ሱብሃነላህ!» አለ፣ በፈጣሪ ሥራ ተገርሞ። ሙሱ ቀና ብሎ አየው፤ ጠጥቶ ጨረሰና ሄደ።

ይሄን ሁሉ ቤት ገብቶ ሲያወራ አይሹ ቅቤ እንደማይቀልጥበት ምጣድ ቀዝቅዛ ትሰማዋለች።

«ሙስ ያልከው ከብት ነው። ባቲ ገበያ ግመል እያየሁ አድጌ ከብት ያስገርመኛል?»

«ግድግዳው የሚወጣውስ?»

«ቤት ጠቧቸው ነው፤ ምስኪኖች።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ አይሹን ክፉ አድርጋችሁ ትይዟታላችሁ። አይሹ ዱሮ ለሁሉ ነገር ሱብሃነላህ የምትል ሰው ነበረች። ልጃቸው ሃናን የተወለደች ቀን ነርሶቹ ትርጉሙን እስኪጠይቁ ድረስ ብላለች። ለመጀመሪያው በረዶ ብላለች። ግን በኮሮና ጊዜ ታላቅ እህቷ ዘሃራ ባቲ ላይ ሞተች። ያኔ ሰው ከሰው አይገናኝም። ጎረቤት አልመጣ፣ ድንኳን አልተተከለ፣ ንፍሮ ይዞ በር ያንኳኳ የለም። ሃናን ስልኩን ሶፋው ላይ አቆመችና የሰው ፊት በስክሪኑ ላይ ተደረደረ፤ አንዱ «ሄሎ፣ ይሰማል?» ይላል፣ አንዱ ድምፁ ይቆራረጣል። አይሹ አየቻቸው አየቻቸውና፣ «ሰው ያልመጣበት ለቅሶ ምን ለቅሶ ነው» ብላ ተነሳች፤ ዩኒፎርሟን ለብሳ ሽማግሌዎች ወደምትንከባከብበት ቤት ሺፍት ገባች። አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲህ ያች ቃል ከአፏ ወጥታ አታውቅም። ቃሲምን ያንገበገበው የመኪናው ነገር ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ የበረዶው ክረምት አለፈና ሚያዝያ ሲገባ አይሹ ቁርጡን ነገረችው። የካስልሪጅ ሰፈሩ ጆኒ፣ ያገለገለ መኪና እየገዛ የሚሸጠው ልጅ፣ አርቪውን እንዲወስደው ተስማምታለች።

«አንድ ጊዜ አብሬህ ልሂድልህ፣ የመጨረሻ» አለችው። «ሱብሃነላህ የሚያሰኝ ነገር ካሳየኸኝ ይቆያል። ካላሳየኸኝ ሰኞ ጆኒ ይወስደዋል። ደሞ አንተ ቀድመህ ብትል አይቆጠርም፤ አንተማ ለቧንቧ ውሃም ትላለህ።»

ጆኒም ደወለ። «ጋሽ ቃሲም፣ ሰኞ ጠዋት ፒክ አደርገዋለሁ፤ ቁልፉን ሬዲ አድርጉልኝ እሺ?»

«አንተ ልጅ፣ ላሟ ሳትታረድ ቆዳዋ ላይ አትተኛ» አለና ዘጋው።

አርብ ዕለት ወጡ። ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ሜዳው እንደ ሰሌን ተዘርግቶ ሰማይ ብቻ የሚቀርበት፣ ሰፊ ኩሬ ዳር ያለ ካምፕ ግራውንድ። በረዶው ገና መቅለጡ ነው፣ ሰው እምብዛም የለም። ቃሲም ያለውን ሁሉ አሳያት። ከጉድጓድ ብቅ ብለው ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የሚቆሙትን ጎፈሮች፣ «እይ፣ ሰላት ላይ የቆሙ አይመስሉም?» አላት። «አይጥ ናቸው» አለች። የሜዳውን ስፋት አሳያት። «ባዶ ነው» አለች። በአንድ ሞተር ሳይክል የጎን ጋሪ ውስጥ ውሻ መነጽር አድርጎ ተቀምጦ ሲያልፍ አሳያት፤ እዚያ ላይ ከንፈሯ ትንሽ ነቅነቅ ብሏል፣ ቃሲም ምስክር ነው፤ ግን ቃል አልወጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቃሲም የአርቪው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ሲተክዝ፣ ከኩሬው ዳር ሰዎች ድንኳን መትከል ጀመሩ። ወንበር ደረደሩ። መኪና እየቆመ ሌላም ሰው መጣ፤ ሁሉም ጥቁርና ቡናማ ልብስ ለብሰዋል። የሚስቅ የለም፣ ጮክ ብሎ የሚያወራ የለም። ሲገናኙ ትከሻ ለትከሻ ነካ ነካ ይደራረጉና ዝም ብለው ይቀመጣሉ። መሃል ላይ አንዲት አሮጊት ዓይኗን በመሐረብ ትጠርጋለች።

ቃሲም ተነሳ። «አይሹ፣ ነይ ውጪ። ለቅሶ ነው።»

አይሹ ብቅ አለች። ድንኳኑን አየች። አሮጊቷን አየች። «እውነትህን ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ውይ፣ እናትየዋ ትሆናለች።»

«እንግዲህ ጎረቤት ነን።»

«ጎረቤት ሆነን ቁጭ ብለን ልናይ ነው ታዲያ? ባዶ እጅ አይኬድም!»

ያቺ አርቪውን እንደ እስር ቤት የምታየው አይሹ ምድጃውን ለኮሰችው። ለመንገድ ከያዘችው ስንዴና ሽምብራ ንፍሮ ጣደች። መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፈነ። ሻሿን አስተካከለች፣ ጥቁር ሹራቧን ለበሰች፣ ድስቱን በጨርቅ ይዛ ቀድማው ወረደች። ቃሲም ከኋላዋ ሲሄድ አቧራ የለም እንጂ ልክ እንደ አጎቱ ጊዜ ነበር።

አሮጊቷ ዶሪን ትባላለች። ቃሲም ጎንበስ ብሎ፣ «ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» አላት፤ ሐዘን ላይ የሚባለውን ከታክሲ ተሳፋሪ ተምሮታል። ዶሪን እሱን አየች፣ ከዚያ አይሹን አየች፤ ጥቁር የለበሰች፣ ድስት የያዘች፣ ዓይኗ ከወዲሁ እንባ ያቀረረ ሴት። አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳበችላት። ንፍሮው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም በዝምታ ቆረጣጠሙ። ወግ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው አለ ቃሲም በልቡ።

አይሹ አንገቷን ደፋች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለቅሶ ቤት ሰው የሚያለቅሰው የራሱን ነው፤ ይሄን የማያውቅ ለቅሶ ደርሶ አያውቅም።

ቃሲም አጠገቡ ወዳለው ጺማም ሰውዬ ጠጋ አለና የሞተው ማን እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀው።

«ማንም አልሞተም» አለ ጺማሙ ግራ ገብቶት። «ወፍ እየጠበቅን ነው። ድምፅ ከሰሙ አያርፉም።»

ቃሲም ያኔ ነው የሁሉም አንገት ላይ የተንጠለጠለውን ማቅረቢያ መነጽር ያየው። ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ ክንድ የሚያህል ካሜራ በሦስት እግር ቆሟል። የአሮጊቷ ዓይን የሚያነባው በንፋሱ ነው። አይሹ ለወፍ እንዳለቀሰች ብታውቅ ሰኞን አትጠብቅም፤ አርቪውን ዛሬውኑ ራሷ ገፍታ ለጆኒ ታደርስለታለች። ሹክ ሊላት ተነሳ።

አልደረሰም። ዶሪን የአይሹን እጅ ይዛ፣ «ማነው የሞተብሽ?» ትላታለች።

«እህቴ» አለች አይሹ። «በኮሮና ጊዜ። ሰው አልመጣልኝም።»

ዶሪን ዞር ብላ ለሌሎቹ አንድ ነገር ሹክ አለች። እነዚያ ሰዎች፣ ከሰዓት ሙሉ ዓይናቸውን ከኩሬው ያልነቀሉት፣ አንድ በአንድ ከወንበራቸው ተነሱ። ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው በአይሹ ፊት እየቆሙ እጇን ጨበጡ። አንዷ ወጣት አቀፈቻት። ጺማሙ ካሜራውን ትቶ መጣና ኮፍያውን አወለቀ። የሚሉት ያው አንድ ቃል ነው፣ «ሶሪ ፎር ዩር ሎስ»፤ አይሹ ለእያንዳንዳቸው ራሷን ዝቅ እያደረገች ትቀበላለች፣ ልክ ባቲ ደጃፍ ላይ እንደተቀመጠች። ቃሲም መቆሚያ ጠፋው። እሱም ተራውን ተሰልፎ የገዛ ሚስቱን እጅ ጨበጠ፤ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» አላት። ዘሃራ የሞተች ጊዜ በስልክ ለሚደውለው ሁሉ ሲመልስ ውሎ፣ እሱ ራሱ ሳይላት ቀርቶ ኖሯል።

መጀመሪያ ድምፁ መጣ። ከሩቅ የሚሰማ ጡሩምባ፣ ከዚያ ብዙ ጡሩምባ፣ ከዚያ ሠርግ ቤት። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ተቃርባ ሰማዩ ብርቱካን ሆኗል፤ በዚያ ላይ ነጭ መስመር ታየ፤ መስመሩ ሰፋ፣ ሌላ ተከተለው፣ ሌላ። ስዋን ይሏቸዋል፤ ዝይ ይመስላሉ ግን ዝይ እነሱ ፊት ጫጩት ነው። አንገታቸው ክንድ ነው። ክንፋቸው ሲመታ አየሩ እንደሚራገፍ አንሶላ ይጮሃል። በጭንቅላታቸው ላይ ዝቅ ብለው ሲያልፉ የሁሉንም ፀጉር አነሱት። ውሃው ላይ እየወረዱ፣ እግራቸውን እያስቀደሙ፣ ጥቁሩን ኩሬ ነጭ አደረጉት፤ ከዳር እስከ ዳር ውሃ አይታይም። ቃሲም፣ ለቧንቧ ውሃ ሱብሃነላህ የሚለው ቃሲም፣ አፉ ተከፍቶ ቃል አጣ። በሕይወቱ ዝም ያለው ያኔ ነው።

ከጎኑ ነው የሰማው። ቀስ ብላ፣ ዝገቱ እንደሚለቅ በር።

«ሱብሃነላህ» አለች አይሹ።

ማታ አርቪው ውስጥ ድስቷን ስታጥብ ቃሲም ምላሱ ተመለሰለት።

«አልሽ! ጆሮዬ ሰምቷል። ለወፎቹ ሱብሃነላህ ብለሻል!»

«ለወፉ መሰለህ?»

«ታዲያ ለምን ነው?»

«የማላውቃቸው ሰዎች ለመጡበት ነገር ጀርባ ሰጥተው ለዘሃራ ተሰለፉ። ወፉ ሲመጣ እንኳ ዶሪን እጄን አልለቀቀችም፤ መነጽሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።» ድስቱን ደፋችው። «ለቅሶ አለመሆኑን ደሞ ነግራኛለች። የኔ ብልጥ።»

ሰኞ ጠዋት ጆኒ መጣ። በሩን የከፈተችው አይሹ ናት።

«እትዬ አይሹ፣ ቁልፉን ልቀበል ነበር።»

«ይቅርታ ልጄ፤ አይሸጥም። የሚመጣው ሚያዝያ ንፍሮ አመጣለሁ ብዬ ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ፤ በአውቶቡስ ድስት ይዤ ልሂድ?»

ጆኒ ቃሲምን አየ፤ ቃሲም ሰማይ ሰማይ ያያል። ዛሬም ድረስ መስጊዱ ፓርኪንግ ላይ ሰው ሰብስቦ የስዋኖቹን ነገር ያወራል፤ በየጊዜው ያድጋሉ፣ አሁን የግመል ግልገል አክለዋል። ለቅሶ መስሎት መሄዱን ግን አያነሳም። እሱን የምትጨርሰው አይሹ ናት፣ ከመኪናው መስኮት አንገቷን አውጥታ።