የእኛ ድፎ ዳቦ የቱ ነው?

ደስ ሲል! ለመንገድ ሥራ ይፈርሳል ሲባል የከረመው የደብረ ማርቆስ ገበያ አሮጌው ዳቦ ቤት አይፈርስም ተባለ። ወሬውን በሩ ላይ ቆሜ ስሰማ፣ የትኩስ ዳቦው ሽታ ወደ ስምንት ዓመቴ መለሰኝ።

የፋሲካ ዋዜማ ነበር። እናቴ ሊጡን በትሪ አድርጋ፣ እዚያ እንዲጋገርልን ላከችኝ። የሰፈሩ ሁሉ ሊጥ አንድ ምድጃ ስለሚገባ፣ እንዳይምታታ እያንዳንዱ ላይ ምልክት ይደረጋል። እናቴ የእኛን በቁልፍ ተጭና ምልክት አድርጋበት ነበር። እኔ ግን ሊጡ የተበላሸ መስሎኝ መንገድ ላይ ምልክቱን በጣቴ ደልድዬ አጠፋሁት!

ዳቦዎቹ ሲወጡ የእኛ የቱ እንደሆነ ጠፋኝና አለቀስኩ። ወረፋ የያዙት ሴቶች «ትልቁን ያዢ!» እያሉ ሳቁብኝ።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት እትዬ የሺ ግን «ምን ያስለቅስሻል? የእናትሽ እጅ ይጠፋኛል?» አሉና እያሸተቱ አንዱን አነሱ። «ይኸውልሽ! ጥቁር አዝሙዱን አብዝታዋለች፤ ዘንድሮ ደስ ብሏታል ማለት ነው።»

ያኔ አልገባኝም። ታናሽ ወንድሜ የተወለደው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው።

እትዬ የሺ ዛሬም ምድጃቸው ፊት ናቸው። ለመጪው በዓል እናንተም ሊጣችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ወረፋው ላይ ታገኙኛላችሁ።