ዋይፋዩን ያጠፋው ደንቤ

ጉዳዩ የነካን አራት ሰዎች ነን። እኔ፣ ኤሌክትሪኩንም ኮምፒውተሩንም ማንም ሳያስተምረኝ የተማርኩ፣ ይህንንም ከመናገር ቦዝኜ የማላውቅ አባት። ባለቤቴ፣ ይህንኑ ከሰው ሁሉ በላይ ደጋግማ የሰማች። ልጃችን፣ ሲኤምሲ አካባቢ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል የምትማር። አራተኛዋ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ከእኛ በላይ የሚኖሩት ጡረተኛ እናት ናቸው፤ ዋይፋያችንን ወጪውን እየተጋሩ ይጠቀማሉ።

ልጄ ጎበዝ ስለሆነች የምንከፍለው ግማሽ ክፍያ ነው። ቅናሹ እንዲቀጥል በትምህርት ቤቱ ኦንላይን ክፍል የሚለቀቅ ሥራ ሁሉ በሰዓቱ መግባት አለበት። አንድም አምልጧት አያውቅም። ሌላ አባት ቢሆን ይህን አይቶ እጁን ይሰበስብ ነበር። እኔ ግን ሥነ ሥርዓት ለልጅ ፈቃድ አይተውም ብዬ በስልክ የሚታዘዝ ሶኬት ገዛሁ።

ኦንላይን ክፍሉን ከሶኬቱ ጋር የሚያገናኝ አገልግሎት ላይ ተመዝግቤ ደንብ ጻፍኩ፤ መምህር ሥራ ሲለቅ ሶኬቱ ይጥፋ፣ ልጅቷ ስታስገባ ይብራ። ቴሌቪዥን እንዳያዘናጋት ነው። በእጅ እንዳይበራ ሶኬቱን ቴሌቪዥኑ ከተሰካበት ማከፋፈያ ጋር በብረት ሳጥን ዘጋሁበት፤ የእሷንም ስልክ እዚያው ቆለፍኩት። ከመዝጋቴ በፊት ሞክሬው ነበር፤ ጠፋ፤ በእጄ መልሼ አበራሁት። አጨበጨብኩ። ማጥፋት የቻለ ማብራት ያቅተዋል?

እሑድ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ከባለቤቴ ጋር ቦሌ መድኃኔዓለም ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ጽዋ ማኅበር ነበረን። ማኅበር ላይ ስልክ አልወድም፤ የእኔን አጠፋሁ፣ የባለቤቴንም አስጠፋሁ።

ቤት ውስጥ መምህሩ እስከ ስድስት ሰዓት የሚገባ የሒሳብ ፈተና ለቀቀ። ሶኬቱ ታዛዥ ነው፤ ጠፋ። ከቴሌቪዥኑ ጋር አንድ ማከፋፈያ ላይ የሰካሁት ዋይፋይም ጠፋ። ፈተናው እንዲገባ ዋይፋይ ያስፈልጋል፤ ዋይፋዩ እንዲበራ ደግሞ ፈተናው መግባት አለበት።

ጥያቄዎቹ ላፕቶፑ ላይ ተከፍተው ስለነበር ልጄ ሁሉንም በወረቀት ሠርታ ወደ ጎረቤታችን ወጣች።

«እማማ፣ ኢንተርኔት አለዎት?»

«የኔስ የእናንተው አይደል እንዴ? መዝሙሬን አቋረጣችሁብኝ!»

ወርደው ሳጥኑን ሲያዩ መዶሻ ላምጣ አሉ።

«ይተዉት እማማ፣ አባዬ ይቆጣል።»

«ዜሮ ብታገኚስ?»

«ዜሮው ይሻለኛል።»

ሌላ ጎረቤት በር እንዳታንኳኳ የከለከልኳትም እኔው ነኝ።

ስንመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እማማ ደረጃው ላይ ያዙኝ። «አንተ ሰው፣ ሌባ ነው እንዴ የወለድከው?»

ልጄ ወረቀቱን ሰጠችኝ። አንድ ስህተት የለበትም። በቤቴ መፈራቴ ያኮራኝ ነበር፤ ከዜሮም አብልጣ እንደምትፈራኝ ግን ያን ዕለት ነው ያየሁት።

ሰኞ ወረቀቱን ይዤ ምክትል ርዕሰ መምህሯ ዘንድ ገባሁ። ማሽን ነው የዘጋባት አልኩ።

«ማሽኑን ማን ሠራው?»

መዋሸት አልችልበትም። «እኔ።»

«ዘግይቶ የመጣ ሥራ ምክንያቱ ምንም ቢሆን ዜሮ ይሁን ብለው በወላጆች ስብሰባ የተነሡትስ እርስዎ አይደሉም?»

እኔ ነኝ። ያን ቀንም ያጨበጨብኩት ብቻዬን ነበር።

ባለቤቴ ስትሰማ፣ «ሁለት ደንብ አወጣህ፤ ሁለቱም ሠሩልህ» ብላ ለትምህርት ቤቱ ክፍያ ዕቁቧን አወጣች። በዜሮው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለአምስት ወር የቀረብን ቅናሽ፣ ሶኬቱ፣ ሳጥኑ፣ ለእማማ የመለስኩላቸው የዋይፋይ ድርሻ፤ ደንቦቼ ያስወጡን በጠቅላላው ሃያ ሺህ ዘጠኝ መቶ ብር።