በር ሥር የሚቀመጠው ሳቬሊ ኩዝሚች

ሳቬሊ ኩዝሚች በሰሜን ጫፍ ባለችው የወደብ ከተማችን የአንቴናው ሹም ነበር። ሹም ይባል እንጂ ከራሱ በቀር የሚያዘው ሰው አልነበረውም። ከሞስኮ የሚላከውን የቴሌቪዥን ምስል ከሳተላይት ተቀብሎ ለከተማው ያድላል። ምስሉ ሲጠፋ ደግሞ ስድቡን ብቻውን ይቀበላል።

የሳተላይቱን ጠባይ ማስረዳት ይወድ ነበር፤ ማንም ባይጠይቀውም። መንገዱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው ይላል። ከምድር እጅግ ሲርቅ በእኛ አናት ላይ ቀስ እያለ ለሰዓታት ቁልቁል ያየናል። ሲቀርብ ግን በዓለም ማዶ በኩል ሽው ብሎ ያልፋል።

ይህን ለሥራው ብቻ ቢያደርገው ደግ ነበር። እሱ ግን ለፍቅርም አደረገው! የምግብ አዳራሹን ወጥ ሠሪ፣ ግላፊራ ሉክያኖቭናን ይወዳታል፤ ሊያገባት ይመኛል። ከተማው በሙሉ ያውቃል፣ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። ታዲያ የቀረበ ቶሎ ያልፋል፣ የራቀ ይቆያል ብሎ ሦስት ዓመት ሙሉ ከእሷ እጅግ ርቆ፣ በሩ ሥር፣ ብርድ በሚገርፈው ጠረጴዛ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ የተማረ ሞኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የሆኪ ጨዋታው የፍጻሜ ውድድር ዕለት ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ አዳራሹ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት ታጭቋል። ጨዋታው ሁለት ለሁለት ሆኖ ሳለ ምስሉ ጠፋ። ሳተላይቱ ወደ ምድር ማዘቅዘቅ ጀምሮ፣ ሳቬሊ አንቴናውን ወደ ተተኪው ሳተላይት ሊያዞር ቢል የሚያዞረው ማርሽ በበረዶ ተይዞ አልነቃነቅ አለው። ወደ አዳራሹ ስልክ ደወለ፤ ያነሳችው ግላፊራ ናት።

«ፍል ውሃ! እባክዎ ፍል ውሃ!»

«ፍል ውሃ ከየት ላምጣ? እሳት ላይ ያለው የዓሣ ሾርባ ነው!»

«እሱም ይሁን፣ ያምጡት!»

ድስቱን በጨርቅ ይዛ እያለከለከች የአንቴናው ቤት ጣሪያ ላይ ወጣች። ሾርባውን ከነድንቹ ማርሹ ላይ ገለበጡት። አንቴናው አቃሰተና ዞረ፤ ከአዳራሹ የደስታ ፉጨት ተሰማ። የከተማው ውሾች ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ከዚያ ቤት አልራቁም።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ሳቬሊ ምስሉ እንዳያመልጥ አንቴናውን የሚያዞረውን መዘውር ጨብጦ ተቀመጠ።

«እንዲያው ልጠይቅዎት» አለችው፤ «ምግቤ ይህን ያህል ይሸታል?»

«ኧረ በስመ አብ! ማን አለ?»

«ታዲያ ምነው ሁልጊዜ በሩ ሥር ይወሸቃሉ?»

የሳቬሊ ጆሮ ቀላ። ሌላ ወሬ ስለማያውቅ የሳተላይቱን መንገድ አንድ በአንድ አወራላት። ሲርቅ እንደሚቆይ፣ ሲቀርብ እንደሚሮጥ፣ እሱም ለዚህ ብሎ ከእሷ እንደራቀ ነገራት። ግላፊራ ባዶ ድስቷን ታቅፋ ሰማችው።

«ቀርቦ ካለፈ በኋላስ የት ይገባል?»

«የት ይገባል! ተመልሶ ይመጣል እንጂ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ታዲያ አንተን ምን አስፈራህ?»

ሳቬሊ መዘውሩን ለቀቀና እጇን ያዘ። ምስሉ ዳግመኛ ጠፋ፤ የማሸነፊያዋ ጎል በዚያችው ደቂቃ ገባች፤ ከከተማው ግን አንድም ሰው አላያትም።

ሰዉ ሊሰድበው ግልብጥ ብሎ መጣ። በሩን በርግደው ሲገቡ ሁለቱ እጅጌያቸው ላይ ሾርባ ደርቆባቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። ስድቡ ከሁሉም አፍ ጠፋ። ከፊት የነበረው የወደብ ጫኝ ቆቡን አውልቆ፣

«ስንት ለስንት አለቀ?» አለ።

«ጋዜጣው ሲመጣ ታነቡታላችሁ» አለች ግላፊራ። «አሁን በሩን ዝጉት! ሦስት ዓመት ብርድ ሲመታው የኖረ ሰው ነው።»